እግርን ከመቆረጥ ለማዳን የሚሠራው የነርቭ ቀዶ ሕክምና፦ ማንን ይጠቅማል? ማንንስ አይጠቅምም?

«የእግሩ የደም ዝውውር ተዘግቷል፤ መቆረጡ አይቀርም» የተባለ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ሌላ የሚሞከር ነገር የለም ወይ? ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ «በነርቭ ላይ የሚሠራ ኦፕራሲዮን አለ» የሚለው ነው። እውነትም አለ። ስሙ ሲምፓተክቶሚ ይባላል፤ መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሕክምና ነው። አንዳንዱን ሕመምተኛ ከከባድ ሕመምና ከመቆረጥ አድኗል። ለሌላው ግን ምንም ያልፈየደበት፣ ይባስ ብሎ ትክክለኛው ሕክምና እስኪዘገይ ጊዜ የበላበት አጋጣሚም ብዙ ነው። ስለዚህ ምንነቱን፣ አሠራሩንና ገደቡን ማወቅ ለታማሚውም ለአስታማሚውም ይጠቅማል።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም።

የእግር ደም ለምን ይቀንሳል?

ከልብ የሚወጣው ደም በደም ቅዳ ቧንቧዎች በኩል ወደ እግር ይወርዳል። እነዚህ ቧንቧዎች በውስጣቸው ስብና ካልሲየም እየተጋገረ ሲጠቡ፣ ወይም ግድግዳቸው ተቆጥቶ ደም ሲረጋባቸው፣ ለእግር የሚደርሰው ደም ያንሳል። ዋነኞቹ መንስኤዎች ትምባሆ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ በደም ውስጥ የሚበዛ ቅባትና የዕድሜ መግፋት ናቸው።

ችግሩ በደረጃ ይመጣል። መጀመሪያ ሰውየው ትንሽ ሲራመድ ባቱን ይዞ ያሠቃየዋል፤ ቆም ሲል ይለቀዋል። እየባሰ ሲሄድ ሳይራመድም፣ በተለይ ሌሊት ጋደም ሲል፣ ጣቶቹንና የእግሩን ጫፍ ያመዋል። እግሩን ከአልጋ ላይ ወደ ታች ሲያንጠለጥል ስለሚቀለው ብዙ ሕመምተኞች ተቀምጠው ያድራሉ። ቆዳው ይሳሳል፣ ጸጉሩ ይረግፋል፣ እግሩ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ትንሽ ጭረት እንኳ አልድን ይላል፤ ጣት ይጠቁራል። ሥጋው ሲሞት ጋንግሪን እንለዋለን። እግር የመቆረጥ አደጋ የሚያንዣብበው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ላይ ነው።

ነርቭና የደም ሥር ምን አገናኛቸው?

ሰውነታችን ሳናዝዘው የሚሠሩ ነርቮች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ክፍል ሲምፓተቲክ ይባላል። ስንደነግጥ ልባችንን በፍጥነት የሚያስመታው፣ እጃችንን የሚያልበው፣ ሲበርደን ጣታችንን የሚያቀዘቅዘው እርሱ ነው። ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ እንደ መቁጠሪያ በአንጓ በአንጓ የተያያዘ ሰንሰለት ሆኖ ይወርዳል። በወገብ አካባቢ ያለው ክፍል ወደ እግር ቅርንጫፎችን ይልካል።

እነዚህ ቅርንጫፎች በቆዳ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ደም ቅዳዎች ዘወትር በመጠኑ ጨምቀው ይይዟቸዋል። ትእዛዙ ሲቋረጥ ትንንሾቹ ቧንቧዎች ይፈታሉ፤ ወደ ቆዳው የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ እግሩ ይሞቃል፤ ላቡም ይደርቃል። የሲምፓተክቶሚ ሐሳብ ይኸው ነው፦ ጨምቆ የሚይዘውን ትእዛዝ መቁረጥ።

ገደቡ የት ላይ እንደሆነ ለመረዳት የከተማ ውሃን እናስብ። ከማጠራቀሚያው የሚመጣው ዋናው መስመር ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ በየቤቱ ያለውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ብንከፍተው ውሃ አይመጣም። ዋናው መስመር ጠቦም ቢሆን፣ በጎን መንገዶችም ቢሆን ጥቂት ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን የቤቱን ቧንቧ ከፈት ማድረግ ለውጥ አለው። ሲምፓተክቶሚ የሚከፍተው የቤቱን ቧንቧ ነው። የተዘጋውን ዋና መስመር አይከፍትም።

ሌላም ነጥብ አለ። የሚጨምረው በዋናነት የቆዳ ደም ነው። ጡንቻ ሲሠራ የሚያስፈልገውን ደም የሚያገኘው በአብዛኛው እዚያው ጡንቻው ውስጥ በሚፈጠሩ ለውጦች አማካይነት ነው እንጂ በዚህ ነርቭ አይደለም። ስለዚህ ሲራመድ ባቱን ለሚያመው ሰው ይህ ኦፕራሲዮን አይረዳም።

ሕክምናው ከየት ተነሣ?

በ1850ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ክሎድ በርናር በጥንቸል አንገት ላይ ያለውን የሲምፓተቲክ ነርቭ ሲቆርጥ በዚያው በኩል ያለው ጆሮ እንደሞቀ አስተዋለ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በሊዮን ከተማ ማትዩ ዣቡሌ፣ ከእርሱም በኋላ ሬኔ ለሪሽ፣ በጭን ደም ቅዳ ዙሪያ ያሉትን ነርቮች መግፈፍ ሞከሩ። ውጤቱ ግን ብዙም አልቆየም።

ቀጣዩ እርምጃ ባልታሰበ መንገድ መጣ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በሲድኒ፣ አውስትራሊያ፣ ኖርማን ሮይል የተባለ ቀዶ ሐኪም ከአናቶሚ ሊቁ ጆን ሃንተር ጋር ሆኖ የተገታተረ እግርን ለማላላት የወገብ ሲምፓተቲክ ነርቭን ይቆርጥ ነበር። ለግትርነቱ የታሰበውን ያህል አልጠቀመም፤ እግሩ ግን ሞቀ። በ1924 በቦነስ አይረስ ሁልዮ ዲዬዝ ይህንኑ ኦፕራሲዮን ደም ቅዳቸው ለተዘጋባቸው ሕመምተኞች አዋለው። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክም አልፍሬድ አድሰንና ጆርጅ ብራውን በብርድ ጣት ለሚነጣበት የሬይኖ በሽታ ተጠቀሙበት።

የተዘጋ ደም ቅዳን መልሶ መክፈት በማይቻልበት በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ተስፋ ነበር። ከዚያ ሁኔታው ተለወጠ። በ1948 ዣን ኩንሊን በፓሪስ ከራሱ ከሕመምተኛው እግር በተወሰደ ደም መልስ የተዘጋውን ቦታ የሚያልፍ አዲስ መተላለፊያ ሠራ፤ ዛሬ ባይፓስ የምንለው ነው። በ1964 ደግሞ ቻርልስ ዶተር በፖርትላንድ፣ ኦሬጎን፣ እግሯ እንዳይቆረጥ እምቢ ያለችን የ82 ዓመት ሴት የጠበበ ደም ቅዳ በቆዳ በኩል ባስገባው ቀጭን ቱቦ አሰፋው። እግሯም ዳነ። ዛሬ ጫፉ ላይ ባሉን ባለው ቱቦ የሚደረገው ማስፋት የመጣው ከዚህ ነው።

ዋናውን መስመር መክፈት ሲቻል የቤቱን ቧንቧ ብቻ የሚከፍተው ሕክምና ወደ ኋላ መቅረቱ ተፈጥሯዊ ነው። ሲምፓተክቶሚ ግን ጨርሶ አልጠፋም። በባይፓስም በባሉንም ሊከፈት የማይችል መዘጋት ላለባቸው አንዳንድ ሕመምተኞች አሁንም ይሠራል።

እንዴት ይሠራል?

ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው በቀዶ ሕክምና ነው። ሕመምተኛው ሰመመን ከተሰጠው በኋላ በሆዱ ጎን በኩል ይከፈታል። ሐኪሙ አንጀት ያለበትን ከረጢት ሳይከፍት ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ከአከርካሪው ጎን ያለውን የነርቭ ሰንሰለት ያገኛል። በብዛት የሚወጡት የሁለተኛውና የሦስተኛው የወገብ አከርካሪ አንጓዎች ናቸው። በካሜራ በሚታገዝ ትንንሽ ቀዳዳም ሊሠራ ይችላል። ለእጅ ጣቶች ሲሆን ሰንሰለቱ የሚቆረጠው በደረት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው በመርፌ ነው። በራጅ ወይም በሲቲ ስካን እየታየ ረጅም መርፌ ወደ ሰንሰለቱ ይጠጋና ፌኖል ወይም አልኮል ይወጋል። ሰመመንን ለማይችሉ አረጋውያንና ልበ ደካሞች ይመረጣል። አልኮል የሚለው ቃል የሚያሳስበው ወገን ካለ፣ እዚህ ላይ የሚጠጣ ሳይሆን ነርቭን ለማድረቅ በመርፌ የሚሰጥ ኬሚካል መሆኑን ይወቅ፤ ፌኖል የሚባለው አማራጭም አለ።

ከሁለቱም በፊት ጥንቁቅ ሐኪም ሙከራ ሊያደርግ ይችላል። በማደንዘዣ ብቻ ነርቩን ለጥቂት ሰዓታት ያስተኛዋል። እግሩ ከሞቀና ሕመሙ ከቀለለ ዋናው ሕክምና ሊጠቅም እንደሚችል ምልክት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ ሕመምተኛው ከማያስፈልግ ኦፕራሲዮን ተረፈ ማለት ነው።

ማንን ሊጠቅም ይችላል?

• ጋደም ሲል የእግሩ ጫፍ የሚያመውና ደም ቅዳው በባይፓስም በባሉንም ሊከፈት እንደማይችል በምርመራ የተረጋገጠበት ሰው፤
• በጣት ላይ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ቁስል ያለበት፣ ነገር ግን ወደ ቁርጭምጭሚቱ የተወሰነ ደም የሚደርሰው ሰው። ይህ የሚታወቀው የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ከክንድ ጋር በማነጻጸር ነው። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከክንዱ ሲሦ በታች ከወረደ የጥቅሙ ተስፋ እጅግ ያንሳል፤
• ከዚህ በታች የምናየው የቡርገር በሽታ ያለበትና ትምባሆን የተወ ሰው።

ለእነዚህም ቢሆን ሊጠበቅ የሚገባው የሕመም መቅለልና የትንሽ ቁስል መድረቅ ነው። ሙቀቱ ከወራት በኋላ እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል፤ ቁስሉ በዚያ መሐል ከዳነ ግን ጥቅሙ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ይህ ሕክምና እግርን ከመቆረጥ የማዳን አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ በትልልቅ ጥናቶች በጽኑ አልተረጋገጠም። «መቶ በመቶ ያድናል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ።

ማንን አይጠቅምም?

ጥልቅና ሰፊ ጋንግሪን ያለበትን፣ የተመረቀዘና ኢንፌክሽን የገባበትን እግር አያድንም። በድንገት የተዘጋ ደም ቅዳንም አይመለከትም። እግር በድንገት ነጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ደንዝዞና አልንቀሳቀስ ብሎ ካመመ፣ ብዙ ጊዜ ከልብ የተነሣ የረጋ ደም ተፈናቅሎ ዘግቶት ነው። ይህ በሰዓታት የሚቆጠር ድንገተኛ አደጋ ስለሆነ «ይነጋና እናየዋለን» አይባልም።

ከሁሉም በላይ ማስተዋል የሚያስፈልገው በስኳር ሕመምተኞች ላይ ነው። የስኳር በሽታ ለብዙ ዓመታት ሲቆይ እነዚሁኑ ነርቮች ራሱ ይጎዳቸዋል። እግሩ ላብ ያቆማል፣ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ሞቅ ይላል። ኦፕራሲዮኑ የሚያደርገውን በሽታው አስቀድሞ አድርጎታል፤ ስለዚህ ነርቩን መቁረጥ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው። ከዚህ የምንማረው ሌላም ትልቅ ነገር አለ፦ የስኳር ሕመምተኛ እግር መሞቁ ደኅና መሆኑን አያረጋግጥም።

ጉዳቶቹ

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጭንን የሚይዝ፣ ሌሊት የሚብስ ሕመም ሊነሣ ይችላል። ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ በአብዛኛው ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋል። እግሩ ላብ ስለማይኖረው ይደርቃል፤ ሌላው የሰውነት ክፍል ደግሞ ከወትሮው በላይ ሊያልበው ይችላል። በአካባቢው ትልልቅ የደም ሥሮችና ሽንትን ከኩላሊት የሚያወርደው ቱቦ ስላሉ እነርሱን የመጉዳት አደጋም አለ። በወንዶች ላይ በሁለቱም በኩል ከተሠራና ላይኛው አንጓ ከተነካ የዘር ፈሳሽ አወጣጥ ሊታወክ ይችላል። ልጅ መውለድ የሚፈልግ ሰው ይህንን ሳያፍር አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።

የቡርገር በሽታ፦ የወጣት አጫሾች ሕመም

ስሙን ያገኘው በ1908 በኒውዮርክ በሰፊው ከገለጸው ከሐኪሙ ሊዮ ቡርገር ነው፤ ከምግቡ ጋር ግንኙነት የለውም። በብዛት የሚይዘው ከ45 ዓመት በታች የሆኑ የሚያጨሱ ሰዎችን፣ በተለይ ወንዶችን ነው። የእጅና የእግር ትንንሽና መካከለኛ ደም ቅዳዎች ተቆጥተው ደም ይረጋባቸዋል። ቧንቧዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ባይፓስ ለመሥራት ብዙ ጊዜ አይመቹም። ሲምፓተክቶሚ እስከ ዛሬ ቦታ ያልለቀቀበት ዋነኛ ሕመም ይህ የሆነውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን ኦፕራሲዮኑን የሚበልጠው ሕክምና ትምባሆን ፈጽሞ መተው ነው። ቀነስኩ ማለት አይበቃም፤ በቀን አንድ ሁለት ሲጋራ እንኳ በሽታውን ያቆየዋል። ጋንግሪን ሳይጀምር የተወ ሰው እግሩ የመቆረጥ ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ይሆናል። ማጨሱን የቀጠለ ግን ዛሬ ጣት፣ ነገ እግር፣ ከዚያም ሌላኛው ይከተላል። ሺሻም ትምባሆ ነው። በውሃ ውስጥ ማለፉ ኒኮቲኑን አያጠፋውም። ጫት ላይ ተቀምጠው ሲጋራውን በሲጋራ የሚያቀጣጥሉ፣ ማታ ደግሞ ሺሻ ቤት የሚያመሹ ወጣቶቻችን ይህንን ቢያውቁት መልካም ነው።

እግርን መጠበቅ፦ ከዒባዳችን ጋር የሚገናኙ ነጥቦች

ሙስሊም በቀን አምስት ጊዜ ለሰላት ይቆማል፤ ዉዱእ ባደረገ ቁጥርም እግሩን ያጥባል። ይህ ለታማሚ እግር ትልቅ ዕድል ነው፤ እግሩን በየዕለቱ ለማየት ምክንያት ይሆነዋል። በዉዱእ ጊዜ የእግርን መዳፍና የጣቶችን መሐል ማየት፣ ቁስል፣ መላላጥ ወይም የቀለም ለውጥ ካለ መመዝገብ ያስፈልጋል። ታጥቦ ሲያበቃ የጣቶቹን መሐል በደንብ ማድረቅ፣ ለደረቀው ቆዳ ቫዝሊን መቀባት (በጣቶች መሐል ሳይሆን) ይመከራል።

ስሜት የቀነሰበት እግር የውሃን ሙቀት አያውቅም። የሞቀ ውሃ በእግር ሳይሆን በክርን ወይም በሌላ ሰው እጅ ይሞከር። እግር ቀዘቀዘ ብሎ ከሰል ላይ መሞቅ፣ የፈላ ውሃ በላስቲክ ሞልቶ መያዝ ወይም በቅባትና በቅጠል አጥብቆ መጠቅለል ቃጠሎና ቁስል አስከትሎ ሊድን የሚችለውን እግር ያሳጣል። ለማሞቅ ሰፋ ያለ ካልሲ ይበቃል።

ቁስሉ ውሃ እንዳይነካው ሐኪም የከለከለው ሰው በዲናችን መውጫ አለው። በፋሻው ላይ ማበስና እንደ ሁኔታው ተየሙም የተደነገጉት ለእንዲህ ያለው ችግር ነው። ዝርዝሩን በአቅራቢያችሁ ያሉ ዑለማእን ጠይቁ። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱ የስኳር ሕመምተኞችም በጋለ ንጣፍና እምነበረድ ላይ በባዶ እግር ባለመሄድ ራሳቸውን ይጠብቁ፤ ነጠላ ጫማ ለወንዶችም በኢሕራም የተፈቀደ ነው። ረመዳን ሲመጣም ስኳር ያለበት ሰው ስለጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. ደሙ የተዘጋው የት ላይ ነው? በዶፕለር ወይም በሲቲ አንጂዮግራፊ ታይቷል?
2. የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከክንዱ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው?
3. በባሉን ወይም በባይፓስ መክፈት አይቻልም? ይህንን የተናገረው የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ነው?
4. ሲምፓተክቶሚ ከታሰበ፣ አስቀድሞ በማደንዘዣ ይሞከራል?
5. ሕመምተኛው ስኳር ካለበት፣ የነርቭ ጉዳቱ ተመርምሯል?
6. ብንጠብቅ ምን ያህል ጊዜ አለን? ምን ምልክት ካየን ወዲያው እንመለስ?

በአገራችን የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ሪፈር ወረቀት የተጻፈለት ሰው ቀጠሮውን ማሳለፍ የለበትም። በወጌሻና በባህል መድኃኒት የሚያልፉ ሳምንታት ብዙ ጊዜ በመዳንና በመቆረጥ መካከል ያሉት ሳምንታት ናቸው።

መቆረጥ የግድ ሲሆን

መርዙ ወደ ሰውነት እየተሠራጨ፣ ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ እግሩን መቁረጥ ነፍስን ማዳን ነው። በዚህ ጊዜ «ከነእግሬ ልሙት» ማለት ጀግንነት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ተወኩልም አይደለም። ከታላላቅ ታቢዒዮች አንዱ የሆኑት ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር እግራቸውን እንዲህ ያለ በሽታ ሲበላቸው ሐኪሞች ባሉት መሠረት እንዲቆረጥ መስማማታቸውንና በሰብር ማሳለፋቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። በዘመናቸው ባይፓስም ሰመመንም አልነበረም። ዛሬ እኛ ከመቆረጥ በፊት በርካታ በሮች አሉልን፤ ሲምፓተክቶሚ ከእነዚህ አንዱና ጠባቡ በር ነው። ሰፊዎቹ ግን ትምባሆን መተው፣ ስኳርንና ግፊትን መቆጣጠር፣ በየቀኑ እግርን ማየትና በጊዜ ወደ ሐኪም መሄድ ናቸው።

አላህ ለታመሙት ወገኖቻችን ሁሉ የተሟላ ሺፋእ ይስጣቸው፤ ለአስታማሚዎቻቸውም ብርታቱን ይለግሳቸው።